የሩቁ ጎረቤት ፊርማ

ጥቅምት 6

ለተከበሩት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ብርዱ አፍንጫዬን ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ አሳንሰር ቆመ በተባለበት ሁሉ የመፍቻ ሳጥኔን አንጠልጥዬ እሮጣለሁ። በቀደም አንዲት ሴትዮ ከነውሻዋ በሁለት ፎቅ መካከል ተይዛ አወጣኋት። ሴትዮዋ ዘገየህ ብላ ስትቆጣኝ ውሻው ግን እጄን ልሶ አመሰገነኝ።

ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ የጻፉልኝን ደብዳቤዎች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ሁሉም "እኛ ደህና ነን" ብለው ይጀምሩና "እኛ ደህና ነን" ብለው ያልቃሉ። የእርስዎ ቤት ወድቋል፤ ጎኑ ያለው የአባቴ ቤትም ወድቋል፤ እርስዎ በትምህርት ቤት ክፍል ከሰው ጋር ታጭቀው ይኖራሉ። ታዲያ ደህናው ምኑ ጋ ነው? ቅሬታ አይደለም፤ ነገሩን በዓይኔ ማየት ስላቃተኝ ነው። የሚተኙበት ክፍል መስኮት አለው? ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? የሰፈራችን መንገድ ተጠረገ?

ደግሞ አንድ ነገር ሰማሁ። የከተማችን ማዘጋጃ ቤት "ፈጣን መስኮት" የሚባል ከፍቶ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች የግንባታ ፈቃድ በሳምንት ውስጥ ይሰጣል አሉ። ጆሮዬን አላመንኩም። እኛ የምናውቀው ማዘጋጃ ቤት እኮ አጥር ለማጠር ፈቃድ የጠየቀ ሰው አጥሩን የልጅ ልጁ የሚያጥርለት ነበር። እውነት ነው? እንዴት አድርገው ነው? የእርስዎስ ፈቃድ ወጣ? ለቤቱ ሥራ ያስቀመጥኩት ስላለ ላክ ባሉኝ ቀን እልካለሁ።

ሰላምታዬ ለጠየቀኝ ሁሉ ይድረስ።

የወንድምዎ ልጅ፣
እርስዎ "አቶ ለምን" የሚሉኝ


ኅዳር 2

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአቶ ለምን፣

ሰላምና ጤና ካንተ አይራቅ። የወጣህበት ፎቅ ሁሉ በሰላም ያውርድህ፤ የያዝከው ሽቦ ሁሉ የሞተ ይሁንልህ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይኸው ጀመረች አትበለኝ፤ ሌላ ምን ልበል?

የውሻውን ነገር ለክፍላችን ሰዎች አነበብኩላቸው፤ ሲስቁ ዋሉ። ክፍላችን "አራተኛ ለ" ይባላል። አራት መስኮት አለው፤ አንዱ አይዘጋም። የምኖረው ከዳቦ ጋጋሪያችን ቤተሰብና ከአንዲት ጡረተኛ ስልክ ኦፕሬተር ጋር ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ውኃ የመቅዳት ተራችንን እንጽፋለን። ኦፕሬተሯ ማንም ሰው ተራው ሲደርስ "መስመርዎ ተገናኝቷል" ትላለች። ጋጋሪው ምድጃው ከተቀበረ ወዲህ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ብርድ ልብስ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ይውላል። መንገዱ ተጠርጓል፤ ፍርስራሹ ግን ዳር ዳሩን ተቆልሎ እንዳለ ነው።

ፈጣን መስኮት ያልከው እውነት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ስለተሰነጠቀ ቢሮው ወደ ስፖርት አዳራሽ ተዛውሯል። ጠረጴዛዎቹ የተደረደሩት ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ነው። እዚያ ጋ ገመድ ወጥረው የቤት ፕላኖችን በልብስ መቆንጠጫ ሰቅለዋቸዋል፤ የታጠበ አንሶላ ይመስላሉ። እነዚህ ፕላኖች መሐንዲሶች አስቀድመው ያሰሏቸውና ማኅተም ያረፈባቸው ናቸው። ከነሱ አንዱን ከመረጥክ እንደገና "ይቆማል አይቆምም" ተብሎ አይመረመርም፤ መሬትህ መብቃቱ ብቻ ይታያል። ፍጥነቱ የመጣው ከዚያ ነው። የራሴን ፕላን አሠርቼ አመጣለሁ ያለ ግን ወረፋው የትየለሌ ነው።

አዳራሹን የምትመራው አንዲት ቀጭን ኢንጂነር ናት፤ ሜትሯን ከአንገቷ ስለማታወርድ ሰው "ሜትሬ" ይላታል። እኔ ከሁሉ ትንሹን ፕላን መርጬ ስሰጣት "እማማ፣ ሰው ሁሉ ከመሬቱ የሚበልጥ ቤት ነው የሚመርጠው፤ እርስዎ ምነው?" አለችኝ። "እኔማ ከዕድሜዬ የሚበልጥ ቤት አልፈልግም" አልኳት።

ፋይሌ ገብቷል። አንዲት ነገር ትቀረዋለች፤ እሷም ጊዜዋን ጠብቃ ትሞላለች። ገንዘቡን አሁን አትላክ።

ለነገሩ ልጠይቅህ፤ ተመልሰህ እዚህ የመኖር ሐሳብ አለህ? እንዲያው ዝም ብዬ ነው።

አክስትህ


ኅዳር 21

ለተከበሩት አክስቴ፣

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁንልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ልወጣ ስል ነበር፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አንብቤ አረፈድኩ። ያ የማይዘጋው መስኮት ብርድ አያስገባም? ካርቶን ይለጥፉበት እንጂ።

ጥያቄዎ ደስ አለኝ። እንዴታ! እመለሳለሁ እንጂ። ዕቅዴ ሁሉ እሱ ነው። የአባቴን ቤት ልክ እንደነበረ አሠራዋለሁ፤ ያችን የላይኛዋን ክፍል ከነመስኮቷ። በልጅነቴ ሳጥን ላይ ቆሜ መንገደኛ የምቆጥርባትን ያውቋታል። ከእርስዎ ጋር የነበረችውን የጋራ ግድግዳም እንደነበረች። አባቴ ሲያንኳኳ እርስዎ ማዶ ሆነው "ምን ፈለግህ?" የሚሉት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እሱ ካረፈ ወዲህ ቤቱን ሰዓት ሠሪው ቢከራየውም ለእኔ ሁልጊዜ የአባቴ ቤት ነው።

አሁን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ፈጣኑ መስኮት ፈጣን ከሆነ የእርስዎ ፋይል ለምን ቆመ? ያቺ "አንዲት ነገር" ምንድን ናት? በእኛ ሥራ ሰው "አሳንሰሩ ዘገምተኛ ነው" ብሎ ሲያማርር ሄደን ስናየው ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ምንም አልሆነም፤ አንድ ፎቅ ላይ በሩ አልዘጋ ብሎ እየቆመ ነው የሚያዘገየው። የእናንተም ፋይሎች የሚቆሙበት ፎቅ ይኖራል። እስኪ እንደ ውለታ ቆጥረው አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለው ይዩልኝ። የት ጋ ነው የሚከመሩት?

ሰላምታ ለኦፕሬተሯም ይድረስ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 15

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ለአንተ ያለኝ ናፍቆት እንደ ዝምታዬ አይደለም። የዘገየሁት ታምሜም አኩርፌም አይደለም፤ ላክኸኝ እኮ! አንድ ቀን ብለህ ላክኸኝ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ አዋላጅ ነበርኩ፤ መጠበቅ ሥራዬ ነው። የእግር ኳስ ተጠባባቂዎች የሚቀመጡባት አግዳሚ ላይ ሹራቤን እየሠራሁ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ ጥበቃው ጠረጠረኝ፤ ኋላ ሻይ ያመጣልኝ ጀመር። ያልከውን ፎቅ አገኘሁት። ፋይሉ የፕላኑ ጠረጴዛ ላይ አፍህን ከፍተህ ሳታዛጋ ያልፋል። የካርታው ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ እሱም ያልፋል። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ግን ክምሩ ከፍ ከማለቱ የተነሳ ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው። ያ የጎረቤት ስምምነት ጠረጴዛ ነው።

ሰፈራችንን ታውቀዋለህ፤ ቤት ከቤት ተጣብቆ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ "ይማርህ" የሚልበት ነው። አንዱ ሊሠራ ሲል ጎኑ ያለው ባለመሬት ወሰኑን አምኖ መፈረም አለበት። ጎረቤቱ ግን የት አለ? አንዱ ሞቷል፣ ወራሾቹ ተበትነዋል። ሌላው ካገር ከወጣ ዓመታት ሆኖታል። ሰው ገንዘቡንም ብሎኬቱንም ይዞ ፊርማ አጥቶ ቁጭ ብሏል።

ሜትሬን ምሳዋን ቆማ ስትበላ አገኘኋትና "ልጄ፣ ያለ ፊርማው መፍቀድ አትችሉም?" አልኳት።

"እችል ነበር እማማ። ግን ነገ ባለመሬቱ መጥቶ ይከሳል፤ ፍርድ ቤት ያግዳል፤ ግንቡ በከፊል ቆሞ ይቀራል። አንድ ጊዜ ደርሶብናል።"

"ታዲያ አትፈልጓቸውም?"

"አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈናል" አለችና ያለችው ለራሷም ገብቷት ሳቀች። "ባሕር ማዶ ያለ ሰው እዚህ በር ላይ ሊያነብ ይመጣል እንዴ? እማማ፣ ለዚህ ሁሉ ሰፈር ሦስት ነን። ግን ይስሙኝ፤ ባሉበት አገር ቆንስላ ፊት ፈርመው ከላኩ ያኔውኑ እቀበላለሁ። ደንቡን አስፈቅጄዋለሁ። የጠፋው ደንቡ ሳይሆን ሰዉ ነው።"

ሰው ከሆነ እኔ አውቃለሁ። ግማሹን እኔው አይደለሁ ተቀብዬ ያወጣሁት? ኦፕሬተሯና እኔ ሥራ ተከፋፈልን፤ እሷ ስልክ ትደውላለች፣ እኔ የማን ልጅ የት እንደገባ እጠይቃለሁ። እስካሁን የተወሰኑትን አግኝተናል።

አሁን አንተን የምልክህ ይህ ነው። የጋጋሪው ጎረቤት የነበረችው መበለት ልጅ፣ "ሽቦ" የምንለው ቀጫጫው፣ አንተ ያለህበት ከተማ ነው ይላሉ። እናቱ ከመሬት መንቀጥቀጡ ሁለት ዓመት ቀድማ ነው ያረፈችው፤ መሬቱ አሁን የእሱ ነው። ስልኩን የሚያውቅ የለም። ጋጋሪው ምድጃውን የሚተክለው እሱ ሲፈርም ብቻ ነው። እስኪ ፈልግልኝ፤ የሚፈርመውን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ገንዘብህን ያዘው፤ እግርህን አበድረኝ።

የእኔ ነገር ይደርሳል።

አክስትህ


የካቲት 19

ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላምዎ እንደ ወንዝ አይቋረጥ። ሽቦን አገኘሁት!

ፀጉር ቤት ጠየቅኩ፣ ስልክ ካርድ የሚሸጡበት ሱቅ ጠየቅኩ፤ አንዱ "እሱ እኮ መኪና ያጥባል" ሲለኝ ሌላው "ሞቷል" አለኝ። በመጨረሻ የሆቴሎች አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይሠራል አሉኝና ሄድኩ። እንፋሎቱ ዓይን አያስገልጥም። "ሽቦ የሚባል ሰው" ስላቸው በሩን የሚሞላ ሰውዬ ብቅ አለ። አክስቴ፣ ሽቦ ወፍሯል! እዚህ ስሙን ለምን እንደዚያ እንደሚሉት የሚያውቅ ሰው የለም።

"ማን ላከህ?" አለኝ፤ ፊቱ ተቋጥሯል።

"አዋላጇ አክስቴ።"

"እኔን ያዋለደችኝ?"

"ሳትሆን አትቀርም።"

"ታዲያ አሁን ደግሞ ምን ልታስወጣኝ ነው?" ብሎ ሳቀና ወንበር ሳበልኝ።

ወረቀቱን ሳሳየው ግን ሳቁ ቆመ። "ከፈረምኩ የእናቴን መሬት ወሰዱት ማለት ነው?" አለ። መስመር በመስመር አነበብኩለት፤ ማለቴ እሱም አነበበ፣ እኔም አነበብኩ። ወሰኑ የት እንደሆነ ማመን እንጂ መሬት መስጠት እንዳልሆነ ሲገባው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ፣ "ከእኛ ረድፍ የቆመ ቤት አለ?" አለኝ። አንድም የለም አልኩት። መሬት ከተንቀጠቀጠበት ቀን ወዲህ ወደ ሰፈር ደውሎ አያውቅም ለካ። "ካልሰማሁ ሁሉም እንዳለ ነው ብዬ ነበር" አለኝ። እኔም የእንፋሎቱ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። እሱም ደስ ብሎት አስረዳኝ፤ በእውነት ግሩም ማሽን ነው።

በማግሥቱ ቆንስላ አብረን ሄደን ፈረመ፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ለጋጋሪው "እናቴን ዳቦ አትከለክላትም ነበር" በልልኝ ብሏል።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልምጣ። ቆንስላው ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ሽቦ ረድፋችንን ናፕኪን ላይ ሥሎ ማን ከማን ቀጥሎ እንደነበር እየነገረኝ ነበር። የእርስዎ ቤት ጋ ሲደርስ እኔ ቀጠልኩለት። በቀኝ መንገድ ነው። በግራ ደግሞ ብዬ ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። በግራ የእኛ ቤት ነው።

አክስቴ፣ ያቺ "አንዲት ነገር" የእኔ ፊርማ ናት? ባሕር ማዶ ያለውን ሰው ሁሉ ሲያስፈልጉኝ እኔን ለምን አልፈለጉኝም?

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 28

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደ ሁልጊዜው ሰላምታዬ ይቅደም፤ ጤናህ ይብዛልኝ።

መጀመሪያ የምሥራቹን። የሽቦ ፊርማ በደረሰ በዚያው ሳምንት የጋጋሪው ፈቃድ ወጣ። ሰውዬው ፈቃዱን ከተቀበለ በኋላ አዳራሹ መሀል ቆሞ መውጫ በሩ ጠፋው። ሜትሬ ክንዱን ይዛ ነው ያወጣችው። አሁን መሠረት እያስቆፈረ ነው።

ወደ ጥያቄህ። አዎ፣ ያንተ ፊርማ ናት።

ለምን አልነገርኩህም? እጽፍልሃለሁ ብዬ ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር "የአባቴን ቤት ልክ እንደነበረ" ያልካት ፊቴ ትደቀናለች። ልክ እንደነበረ አይሆንማ። እኛን የጣለን ያ የጋራ ግድግዳ ነው። አንዱ ቤት ወዲህ ሲወዛወዝ ሌላው ወዲያ፣ ግድግዳው መሀል ተይዞ ፈረሰ። ስለዚህ አዲሱ ደንብ በሁለት ቤት መካከል ክፍተት ይኑር ይላል። መሬታችን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ሁለታችንም ያለን ጠባብ ነው። ክፍተቱ ከእኔ ከተቀነሰ የመረጥኩት ትንሹ ፕላን እንኳ አይገባም። ካንተ ከተቀነሰ የአባትህ ቤት ኮሪደር ይሆናል፤ ሰው የሚያልፍበት እንጂ የሚኖርበት አይደለም። አንተ ፈረምክልኝ ማለት ያችን የላይኛዋን ክፍል ለእኔ ሰጠኸኝ ማለት ነው።

ልጄ፣ ስጠኝ ብልህ እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ። የፈራሁት እሱን ነው። አክስቴ ክፍል ውስጥ ታጭቃ ትኖራለች ብለህ ዓይንህን ጨፍነህ ትፈርማለህ፤ ከዓመታት በኋላ ሻንጣህን ይዘህ ስትመጣ መግቢያ የለህም። እኔ ያን ቀን ምን ብዬ በር እከፍትልሃለሁ?

ሜትሬ ሌላ መንገድ ነግራኛለች፤ እሱንም ልደብቅህ አልችልም። ሁለቱን መሬት አንድ አድርገን፣ አንድ መሠረት፣ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት በር ያለው ቤት ብንሠራ በመሀላችን ክፍተት አያስፈልግም። ለእሱ የሚሆን ዝግጁ ፕላን አላት። ወሰን ስለማይኖርም ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አይቆምም። ግን መሬቱ የጋራ ይሆናል። አንተ ብቻህን አትሸጠውም፤ እኔም ብቻዬን አልናዘዘውም። ደግሞ ፎቅ የለውም።

ፈርም አልልህም፣ አትፈርምም አልልህም። በእዝነት ግን እንዳትፈርም። እስኪ እንደ ልማድህ ጠይቅ፤ አገላብጠህ እይ፤ ከዚያ ጻፍልኝ። እኔ እንደሆንኩ መጠበቅ እችላለሁ። የማይዘጋው መስኮትም ካርቶን ተለጥፎበታል።

አክስትህ


ሚያዝያ 25

ለተከበሩት አክስቴ፣

ለጤናዎ ያለኝ ምኞት የበዛ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሊያስቀይምዎ ይችላል፤ ቢሆንም እውነቱን ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ተናደድኩ። በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በደንቡም፣ በግድግዳውም፣ በመሬቱም። ያችን መስኮት በልቤ ስንት ጊዜ ሠርቻታለሁ! ብርድ ላይ ቆሜ ሥራ ስጠብቅ እሷን ነበር የምቀባው፤ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ። ለሦስት ቀን ብዕር አላነሳሁም።

ኋላ ጉዳዩን ለሽቦ አጫወትኩት። (አሁን ወዳጄ ሆኗል፤ አንሶላዬን በነፃ ያጥብልኛል።) "ሳታየው ምን ያናድድሃል?" አለኝ። እውነቱን ነው። የምሠራበት ሕንፃ ሥር ባዶ የመኪና ማቆሚያ አለ። እሑድ ጠዋት ጠመኔና ሜትር ይዘን ወረድንና የሁለታችንን መሬት በልኩ ወለሉ ላይ አሰመርነው። መጀመሪያ ክፍተቱን ከእኔ ቀንሰን አየነው። እኔ ውስጡ ገብቼ ክንዴን ስዘረጋ ሽቦ "ይኼ ቤት ነው ወይስ ሸሚዝ?" አለ። ቀጥለን ከእርስዎ ቀነስነው፤ እሱ እርስዎን ሆኖ አልጋ ሊያስገባ ቢሞክር አልጋው በር ዘጋ። ወፍራም ስለሆነ ይሆናል ብዬ እኔም ሞከርኩት፤ ያው ነው።

ከዚያ የመሀሉን መስመር በእግራችን ፋቅነው።

አክስቴ፣ ቤት ሆነ! ከዳር እስከ ዳር ተራመድኩበት። ወጥ ቤቱ የት እንደሚሆን፣ መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው በየት በኩል እንደሆነ ስንከራከር ጥበቃው መጥቶ "ምን እየሠራችሁ ነው?" አለን። "ቤት" አልነው። እሱም ትንሽ ቆሞ አየና "በሩን እዚህ ጋ አታድርጉት፤ ንፋስ ይመታዋል" ብሎን ሄደ።

ላይኛዋ ክፍል ታሳዝነኛለች፤ አልዋሽዎትም። ግን ስመለስ የሚያስፈልገኝ የትኛው እንደሆነ ያን ጠዋት ገባኝ። ባዶ ፎቅ ላይ ብቻዬን መንገደኛ ልቆጥር ነው? ስለዚህ ፈርሜያለሁ። በእዝነት አይደለም፤ ለክቼ ነው። የጋራ ማመልከቻውም ውክልናውም ቆንስላው ማኅተም አድርጎበት ከዚህ ጋር አለ። መሸጥ ያልኩ ቀን ከእርስዎ ጋር እንጣላ፤ ለመጣላትም እኮ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ጥያቄዎች አሉኝ። ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ናቸው ወይስ ተራርቀው? መሬት ሲንቀጠቀጥ ይህኛው ቤት ከቀድሞው በምን ይለያል? ኢንጂነሯን ይጠይቁልኝ፤ በትክክል ይንገሩኝ። ገንዘቡን ግንበኛው ሥራ ሲጀምር እልካለሁ።

ሽቦ ደግሞ ሥራ አግኝቷል፤ የሰፈራችንን ሰው እንደ መርማሪ ያፈላልጋል። የፀጉር ሠሪዋን፣ የሁለቱን ወንድማማቾችና የጡረተኛውን አስተማሪ ልጅ ፊርማ አብሬ ልኬያለሁ። ወንድማማቾቹ ከተነጋገሩ ዘመን ሆኗቸው ነበር፤ ለመፈረም አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ሰላምታ ተለዋወጡ።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 9

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

የደረስክበት ሁሉ ይቅናህ፤ የነካኸው ይሥራ። እኛ ደህና ነን። ያንተን ደብዳቤ ከነጠመኔው ጨዋታ ለሜትሬ አነበብኩላት። ሽቦ አልጋ ሲያስገባ የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሯን ጣለችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ያ ጥበቃ ያላችሁን በር ግን ፕላኑ ላይ አይታ "ሰውዬው ልክ ነው" ብላለች።

ፈቃዳችን ወጣ። በመጨረሻ ፈጣኑ መስኮት ለእኔም ፈጠነ፤ ሰኞ አስገብቼ ዓርብ ጠሩኝ። ወረቀቱ ላይ የእኔም ያንተም ስም ጎን ለጎን አለ። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ክምር አሁን ግድግዳ አይደገፍም፤ ራሱን ችሎ ይቆማል። ማዘጋጃ ቤቱ ለኦፕሬተሯ አንድ ስልክና ወንበር ሰጥቷት የሩቅ ጎረቤቶችን እየደወለች ታፈላልጋለች። ሰው ባገኘች ቁጥር የምትለውን ታውቃለህ።

የጠየቅኸውን ጠይቄያታለሁ። በሮቹ ተራርቀው ነው፤ ያንተ ወደ ገበያው፣ የእኔ ወደ መንገዱ። ከቀድሞው የሚለየው ደግሞ፣ በእሷ አባባል፣ የቀድሞው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የአሁኑ ግን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በብረት የተሳሰረ ስለሆነ ሲወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ እርስ በርሱ አይላተምም።

ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር ሆነ። ግንበኛው ብረቱን አስሮ አርማታ ሊሞላ ሲል ሜትሬ ልታይ መጣች። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ሜትሯን ዘረጋችና "ፍቱት" አለች። ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፉት ማሰሪያዎች ፕላኑ ከሚለው በላይ ተራርቀው ነበር። ግንበኛው "ኢንጂነር፣ ሲሚንቶው ተቦክቷል፤ ዝናብም እየመጣ ነው፤ እባክሽ ለዚህች ብቻ" ብሎ ለመናት። ወደ እኔ ዞረና "እማማ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ፤ ስንት ወር ጠብቀዋል!" አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ከግንበኛው ጋር ነበር። ዝናቡን አየሁ፣ ክፍላችንን አሰብኩ። ግን ምጥ ላይ ያለችን ሴት "ቶሎ በይ" የሚል ባል ብዙ አይቻለሁ፤ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጥቻቸዋለሁ። "ፍቱት" አልኩት። የተቦካው ሲሚንቶ ለጋጋሪው አጥር ሆነ። ብረቱ እንደገና ታሰረ፤ ሜትሬ እያንዳንዱን በእጇ እየነቀነቀች አየችና ፈረመች። ከዚያ ሞላን። ኮለን የሚሏቸው የአርማታ ምሰሶዎች ቆሙ፤ ከላይ ዙሪያውን የሚያያይዛቸው ማሰሪያም ተሞላ። ግድግዳ ገና ነው፤ ጣሪያም የለም።

ያለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሠራተኞቹ ውኃ ይዤ ስመጣ መሬት ተንቀጠቀጠች። እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ግን ጆግ ከእጄ የምትጥል ነበረች። መንገዱ በጩኸት ተሞላ። ጋጋሪው በአንድ እግሩ ጫማ ብቻ ወጣ። ሰው ሁሉ የቆመውንም ያልቆመውንም ቤት እየለቀቀ ወደ አደባባዩ ይሮጣል። እኔም ሮጥኩ፤ በእነዚህ ጉልበቶቼ ሮጥኩ። ቆም ስል ያለሁበትን አየሁት። የሮጥኩት ወደ አደባባዩ አልነበረም፤ ወደ ቤታችን ነው። ጣሪያ በሌለው፣ ግድግዳ በሌለው ቤት መሀል፣ አንዱን ኮለን አቅፌ ቆሜያለሁ። ኮለኑ እጄ ውስጥ ትንሽ ሄዶ ተመለሰ። ስንጥቅ አልነበረበትም።

"እማማ! ምን ሊያደርጉ እዚህ ገቡ? እብድ ነዎት? ውጡ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል ሜትሬ ናት። ማዶ ያለውን ኮለን አቅፋ ቆማለች።

ደህና ነን ያልኩህ ለዚህ ነው። ቤቱ ሲያልቅ የበርህን ቁልፍ ልላክልህ ወይስ እዚሁ ላቆይልህ፣ የመጣልህን ጻፍልኝ።

አክስትህ